ከባለቤቴ ጋር ኪሊማንጃሮ ልንወጣ ነው (ከጅማ)፣ 5 ቀን ይበቃል ወይስ ይራዘም?

አባ_ቡና፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ነገሩ እንዲህ ነው፣ እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ጀምሮ "አንድ ቀን ከሀገር ወጣ ብለን ትልቅ ተራራ አብረን እንወጣለን" እያልን ስናወራ አንዴ ቤት ኪራይ፣ አንዴ የዘመድ ሰርግ፣ አንዴ ለቅሶ እየመጣ ሲገፋ ቆየና ዘንድሮ እሷ "ወይ እንሄዳለን ወይ ወሬውን እንተወው" ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። እኔ የምሰራው ቡና ላይ ነው፣ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ቀና ብዬ ሰው ማየትም አልችል፣ ብር እጄ ላይ የሚገባውም ከዛ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥር መጨረሻ ወይ የካቲት መጀመሪያ አስበናል።

እሷ ኪሊማንጃሮ ካልሆነ ትላለች። አንድ ጓደኛችን ደግሞ ኔፓል ሄዳችሁ ኤቨረስት ቤዝ ካምፕ ብትደርሱ ይሻላል እያለ ያወዛግበናል። ዋጋ ስጠይቅ ደግሞ ለዛው ለአንድ ተራራ አንዱ 1,000 ዶላር አንዱ 3,000 ዶላር ይለኛል፣ ልዩነቱ ምንድነው? 5 ቀን የሚሉ አሉ፣ 8 ቀን የሚሉ አሉ። 5 ቀኑን ብንይዝ ብር አናተርፍም?

አቅማችንን ልንገራችሁ፣ እሷ ጠዋት ጠዋት ትሮጣለች ማሻአላህ ምንም አትልም። እኔ ግን ከከተማ ጂሬን አባ ጅፋር ቤተመንግስት ድረስ በእግር ስወጣ መሀል ላይ ስልክ የተደወለልኝ መስዬ የምቆም ሰውዬ ነኝ። የሄደ ሰው ካለ በናታችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

የቦዬ_ልጅ፦

ኧረ አቦ ምን ያስጨንቅሃል! እኛ ሀበሾች እኮ ከፍታ ላይ የተወለድን ነን፣ ነገሩ ደማችን ውስጥ ነው ያለው፣ ሳይንቲስቶችም አጥንተውታል። በከፍታ የሚታመሙት ፈረንጆቹ ናቸው። 5 ቀኑን ያዝና የተረፈህን ብር ዛንዚባር ወርዳችሁ ዓሳ ብሉበት ወላሂ።

ሲስተር_ነኝ፦

@የቦዬ_ልጅ ወንድሜ አትቀየመኝ ግን ይሄ ወሬ ሰው ያስገድላል። ጥናቱ አለ፣ እውነት ነው፣ ግን ማን ላይ ነው የተጠናው? በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው ሰሜን ተራሮች ላይ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ነው፣ የእነሱ የደም ኦክስጅንም ሄሞግሎቢንም ባህር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ጅማ እኮ 1,780 ሜትር ገደማ ናት! አዲስ አበባ እንኳን ትበልጠናለች። ኪሊማንጃሮ ጫፉ 5,895 ሜትር ነው፣ እዛ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ባህር ጠለል ላይ ከሚገኘው ግማሽ አካባቢ ነው። ቡና ሲለቅም ያደገ ሰውነት "ሀበሻ ነኝ" ስላለ ብቻ ይሄን አይለምድም፣ ቀን ይፈልጋል።

@አባ_ቡና አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ባለቤትህ መሮጧ ጥሩ ነው፣ ለእግሯም ለልቧም፣ ግን ከከፍታ ህመም አያድናትም። እንደውም ጠንካራ ሰው ስለሚፈጥን ሊታመም ይችላል። ዋናው ነገር የምትተኙበት ከፍታ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ የዛሬው መኝታ ከትላንቱ ከ500 ሜትር በላይ ባይበልጥ ይመረጣል፣ በየሶስት አራት ቀኑ ደግሞ አንድ ቀን እዛው ከፍታ ማደር። ቀን ላይ ከፍ ብላችሁ ወጥታችሁ ማታ ዝቅ ብላችሁ ብትተኙ በጣም ጥሩ ነው። 5 ቀን የሚባለው ፕሮግራም ይሄን ሁሉ ይጥሰዋል። የብዙ ሰው ራስ ምታትና ትውኪያ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ ማስጠላት፣ እንቅልፍ እምቢ ማለት ከመጣ ቀላሉ አይነት ነው፣ እዛው ቆሞ ማረፍ፣ እስኪለቅ ወደላይ አለመሄድ። ካልለቀቀ መውረድ። ግን ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ አረፋ ያለው ሳል ከመጣ፣ ቀጥ ባለ መስመር ተረከዝና ጣት እያገናኘ መራመድ ካቃተው ወይ መዘባረቅ ከጀመረ ሳምባ ወይ ጭንቅላት ውስጥ ውሃ እየገባ ነው ማለት ነው፣ ያኔ "እስኪነጋ እንጠብቅ" የሚባል ነገር የለም፣ በሌሊትም ቢሆን ይወረዳል።

ዳያሞክስ የሚባል ክኒን አለ፣ አሴታዞላማይድ፣ ለመከላከያ ብዙ ጊዜ 125 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ነው፣ መውጣት ከመጀመራችሁ አንድ ቀን በፊት ተጀምሮ። ጣት ያደነዝዛል፣ ሽንት ያበዛል። ሰልፋ መድሃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ሀኪም ሳያናግር እንዳይነካው። እና ባልና ሚስት ስለሆናችሁ ሳልናገር አላልፍም፣ ከመሄዳችሁ በፊት የእርግዝና ምርመራ ይደረግ። ካረገዘች ዳያሞክሱም ያ ከፍታም አይሆንም፣ ተራራው የትም አይሄድም።

አንድ የኛ ሰፈር ነገር ልጨምር። ቡና በድንገት እንዳታቆሙ። በቀን ሶስት አራት ስኒ የለመደ ሰው ጉዞ ላይ ሲያቆም ራሱን ያመዋል፣ ከዛ ተራራው ላይ "ይሄ የከፍታ ነው ወይስ የቡና ሱስ" ብሎ መለየት መከራ ነው። የለመዳችሁትን ያህል ጠጡ፣ የተቆላና የተፈጨ ይዛችሁ ሂዱ፣ የፈላ ውሃ እዛ አይጠፋም።

ዳገት_ወዳጅ፦

ሲስተር እጅሽ ይባረክ። እኔ ከባለቤቴ ጋር በማቻሜ መንገድ ወጥቻለሁ፣ የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ የብሩን ነገር። ያለ ጋይድ መውጣት አይፈቀድም፣ ስለዚህ የግድ በድርጅት ነው። ዋጋው የተራራቀበት ምክንያት በአብዛኛው ፓርኩ ሳይሆን ድርጅቱ ሰራተኛውን ስንት ይከፍላል የሚለው ነው። አስላው፣ ፓርኩ ከውጭ ሰው በቀን 70 ዶላር ይወስዳል፣ ድንኳን ለማደር በአዳር 50፣ ለነፍስ አድን አንድ ጊዜ 20፣ በዛ ላይ 18 ፐርሰንት ቫት። ኢትዮጵያ የምስራቅ አፍሪካ ማህበረሰብ አባል ስላልሆነች ኬንያዊና ኡጋንዳዊ የሚያገኘው ቅናሽ እኛን አይመለከትም፣ ጎረቤት ነን ብለህ አትከራከር። 7 ቀን 6 አዳር ብትል 810 ይሆናል፣ ከነቫቱ 956 ዶላር አካባቢ ለአንድ ሰው። ይሄ እንግዲህ ምግብ ሳይኖር፣ መኪና ሳይኖር፣ ጋይድ ሳይኖር ነው! ታዲያ 7 ቀን በ1,000 ዶላር የሚልህ ሰውዬ የትኛውን ነው የሚከፍለው? ተሸካሚዎቹን ነው የማይከፍላቸው። ልጆቹ ስስ ጃኬት ለብሰው ባዶ ሆዳቸውን የአንተን ድንኳን ተሸክመው ይወጣሉ። የአንድ ተሸካሚ ጭነት ጣሪያው 20 ኪሎ ነው፣ መግቢያው ላይ ይመዘናል። የኪሊማንጃሮ ፖርተሮች ድጋፍ ፕሮጀክት የሚባል አለ፣ የትኛው ድርጅት ሰራተኛውን በደንብ እንደሚይዝ ይከታተላል፣ ከነሱ ጋር የሚሰራ ድርጅት ፈልግ። ቲፕም ከዋጋው ውጪ ነው፣ ከቤትህ ሳትወጣ አስበህ ያዝ፣ መጨረሻው ቀን ላይ ኪስህን እየዳበስክ እንዳታፍር።

መንገዱን በተመለከተ። ማራንጉ ላይ ጎጆ አለ፣ አልጋ ላይ ነው የምትተኛው፣ 5 ቀን ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውም እሱ ነው። ማንዳራ 2,700፣ ሆሮምቦ 3,720፣ ከዛ ኪቦ ጎጆ 4,720 ትደርስና በዛው ሌሊት ወደ ጫፍ። ከሆሮምቦ ወደ ኪቦ በአንድ ቀን 1,000 ሜትር ነው የምትዘለው፣ ሲስተር ያለችውን አስታውስ። ማቻሜና ሌሞሾ ድንኳን ናቸው፣ ግን ሁለቱም ላቫ ታወር የሚባል 4,600 ሜትር ገደማ የሆነ ቦታ አውጥተው ምሳ ካበሉህ በኋላ ወደ ባራንኮ ካምፕ ያወርዱሃል፣ ከ4,000 ሜትር ትንሽ ዝቅ ብለህ ትተኛለህ፣ ሰውነት የሚለምደው እዛ ነው። ማቻሜን በ7 ቀን ወይ ሌሞሾን በ8 ቀን ያዝ። ባራንኮ ስትደርስ ጅብራ የሚባለውን ተክል ታያለህ፣ ባሌ ተራሮች ላይ ያለውን የሚመስል፣ ባለቤቴ "በቃ አገራችን ነን" ብላ ፎቶ ስታነሳ ጋይዱን አስቆመችው።

ጫፍ የሚወጣበት ሌሊት ግን ሌላ ነገር ነው። ከባራፉ ካምፕ፣ 4,670 ገደማ፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ትነሳለህ፣ በባትሪ መብራት የፊትህን ሰው ጫማ እያየህ 1,200 ሜትር ያህል ዳገት፣ ጋይዱ "ፖሌ ፖሌ" እያለ በኤሊ እርምጃ ይነዳሃል፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ከዛም በላይ ይወርዳል፣ ነፋስ ካለ ደግሞ አትጠይቀኝ። ውሃ በጎማ ቱቦ የሚጠጣበት ቦርሳ እንዳትተማመን ቱቦው ይቀዘቅዛል፣ ጠርሙስ ይዘህ ገልብጠህ አስቀምጠው፣ በረዶው ከላይ ስለሚጀምር ክዳኑ አይዘጋብህም። ስልክህን ደረትህ ውስጥ አድርገው ካልሆነ ባትሪው ጫፍ ላይ ሞቶ ታገኘዋለህ።

አሁን የባልና ሚስቱን ጉዳይ። እኛ ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ ባለቤቴ ማስታወክ ጀመረች፣ ረዳት ጋይዱ ይዟት ወረደ፣ እኔ ከዋናው ጋር ቀጠልኩ። ይሄ ጭካኔ ከመሰለህ ተሳስተሃል፣ ከተራራው ስር ያለችው ሞሺ ከተማ ሆቴል ቁጭ ብለን "አንዳችን ካመመው ይወርዳል፣ ደህና የሆነው ይቀጥላል፣ የሚወስነውም ጋይዱ ነው" ብለን ጨርሰን ነበር፣ እሷ ናት እንደውም መጀመሪያ ያነሳችው። ከኛ ጋር የወጡ ሌሎች ባልና ሚስት ግን አላወሩበትም፣ ሚስትየው ሲያማት ባልየው ጤነኛ ሆኖ አብሮ ወረደ፣ ከዛ ቁርስ ላይ እሱ ተኮሳትሮ እሷ "ማን ውረድ አለህ" እያለች፣ እስከ መኪናው ድረስ ተኮራርፈው ነው የወረዱት። ስለዚህ ቤታችሁ ሆናችሁ ጨርሱት፣ ድርጅቱንም ለሁለታችሁ ስንት ጋይድ እንደሚመድብ በጽሁፍ ጠይቀው፣ አንድ ብቻ ከሆነ መለያየት አይቻልም።

ወሩን በደንብ መርጠሃል፣ ጥርና የካቲት እዛ ደረቅ ነው፣ ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ዝናቡ ይጀምራል። ከቦሌ ኪሊማንጃሮ ኤርፖርት ቀጥታ በረራ አለ። ቪዛውን ኦንላይን ቀድማችሁ ጨርሱ፣ የቢጫ ወባ ካርድ ይጠይቃሉ። ሞሺ ቆላ ነው ወባ አለ፣ ይሄን ለጅማ ሰው አልነግርም። ኢንሹራንስ ስትገዛ እስከ 6,000 ሜትር በእግር መውጣትንና ሄሊኮፕተርን እንደሚሸፍን አንብበህ ፈርም፣ ብዙዎቹ 4,000 ላይ ያበቃሉ። ሌላ አንድ ነገር፣ ጫት ታንዛኒያ ክልክል ነው፣ ለመንገድ ብለህ ቦርሳህ ውስጥ አንድ እንጨት እንዳይገኝ።

ናይሮቢ_ያለሁት፦

ኔፓል የሚለውን ጓደኛችሁን ተዉት ባይባልም፣ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ካትማንዱ ደርሶ ኤርፖርት ላይ ቪዛ ከማይሰጣቸው ጥቂት ሀገሮች አንዱ ነው፣ ከመነሳታችሁ በፊት ከኤምባሲ መውሰድ አለባችሁ። ቤዝ ካምፑ 5,364 ሜትር ነው፣ ከሉክላ ተነስቶ መመለስ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፣ በዛ ላይ የሉክላ በረራ አየሩ ሲበላሽ ቀናት ይቆማል። ቡናህን ትተህ እዛ ጭጋግ ስትጠብቅ ይታየኛል።

ግን ለምን ማንም ማውንት ኬንያን አላነሳም? ኬንያ ለኛ ቪዛ የለም፣ በአውሮፕላን ካልፈለጋችሁ በሞያሌ በአውቶቡስ ትመጣላችሁ። ዋናው ጫፍ ባቲያን 5,199 ነው ግን ገመድ የሚጠይቅ የድንጋይ መውጣት ስለሆነ እሱን ተዉት፣ በእግር የሚወጣው ፖይንት ሌናና 4,985 ሜትር ነው። በሲሪሞን ገብታችሁ በቾጎሪያ ብትወርዱ፣ ሀይቁ ገደሉ ፏፏቴው... ወላሂ በውበት ኪሊማንጃሮን ያስንቃል፣ ሰውም አይበዛበትም። ብቻ ከኦልድ ሞሰስ ካምፕ 3,300 ወደ ሺፕተን ካምፕ 4,200 በአንድ ቀን ነው የሚወስዱህ፣ አንድ ቀን አስጨምርበት። በጠቅላላው ከኪሊማንጃሮ በጣም ይረክሳል።

የቦዬ_ልጅ፦

እሺ እሺ ሲስተር ተቀጣሁ 😂 ደሜን መልሼ ወሰድኩ። ግን ልምምዱን ጂሬን ብቻ አታድርጉት፣ ወደ አዲስ ስትሄዱ ወሊሶ ላይ ታጥፋችሁ ወንጪ ውጡ፣ አፋፉ ከ3,000 በላይ ነው። ጊዜ ካላችሁ ደግሞ ባሌ፣ ሰነቲ 4,000 አካባቢ ነው መኪና መንገድ አለው፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ነው። እዛ አንድ ሁለት ሌሊት ካደራችሁ ራስ ምታቱ ማንን እንደሚይዝ በብር ታውቃላችሁ፣ በዶላር ሳይሆን።

ሚስትየዋ_እኔ_ነኝ፦

ሰላም፣ የአባ ቡና ባለቤት ነኝ፣ ሲያነብ ከጀርባው ቆሜ አንብቤ አካውንት ከፈትኩ። ሰውዬው ያልነገራችሁ አንድ ነገር አለ፣ ሲጋራ። ስልክ የተደወለለት መስሎ የሚቆመው ለሱ ነው። ዛሬ ማታ እንነጋገርበታለን።

የማውንት ኬንያው ሀሳብ ደስ ብሎኛል፣ ግን እኔ ስታዲየም ዙሪያ የምሮጠው በአፍሪካ ትልቁን ተራራ እያሰብኩ ስለሆነ ወደ ሁለተኛው አልሄድም፣ ብሩ ካልሞላ ለከርሞ ይሁን እንጂ 5 ቀን የሚባለውን አልቀበልም። መውረድ መቀጠሉን ግን ተስማምተናል፣ እሱ ካመመው እኔ እቀጥላለሁ። (እኔ ካመመኝ እሱ በደስታ አብሮኝ ይወርዳል፣ ይሄንን ደግሞ እናንተም ታውቃላችሁ።)

ጥያቄ አለኝ፣ ለሴት መጸዳጃው እንዴት ነው? በየካምፑ አለ ይላሉ ግን ፎቶውን ሳይ ልቤ ወረደ። እና ልብሱን ከየት ነው የምናገኘው፣ አዲስ አበባ የጠየቅነው ጃኬት ዋጋው የአንድ ጆንያ ቡና ነው።

ዳገት_ወዳጅ፦

እህቴ ባለቤቴን ጠይቄ ነው የምጽፍልሽ። የካምፑ መጸዳጃ ጉድጓድ ነው፣ ሽታውም እንደዛው። ድርጅቱ ትንሽ ድንኳን ያላት ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ያከራያል፣ ለሁለት ሲካፈል ብዙ አይደለም፣ እሷ "ከምግቡ ቀንሶ እሱን ይጨምር" ነው ያለችው። የወር አበባ ከፍታው ላይ ቀኑን ሊያዛባ ስለሚችል ባትጠብቂም ይዘሽ ሂጂ፣ እርጥብ ሶፍትና የቆሻሻ ፌስታልም፣ የተጠቀምሽበትን ይዘሽ ነው የምትወርጂው።

ልብሱን በሙሉ አትግዙ። ወፍራሙን ጃኬትና ከዜሮ በታች የሚሆነውን ስሊፒንግ ባግ ሞሺ ላይ ተከራዩ። ከውስጥ የሚለበሰውን፣ ፍሊሱን፣ ጓንቱን ሀሙስ ገበያ ሂርማታ ሳልቫጅ ውስጥ ቆፍራችሁ ፈልጉ፣ ጥጥ ብቻ አይሁን፣ ላብ ይዞ ያበርዳል። ጫማ ግን በኪራይም በሳልቫጅም አይሆንም፣ አሁኑኑ ገዝታችሁ ጂሬን ላይ እየወጣችሁ አለስልሱት፣ በግማሽ ቁጥር ሰፋ ያለ፣ ቁልቁለት ላይ ጣት እንዳይመታ።

አባ_ቡና፦

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ማቻሜ 7 ቀን ተወስኗል፣ ወሳኟ እኔ አይደለሁም። ባሌም እንሄዳለን የገና ሰሞን። ሲጋራውን በተመለከተ ሲስተር የምትመክሪኝ ነገር ካለ በውስጥ ጻፊልኝ፣ እዚህ ላይ እንዳትጽፊው እያነበበች ነው።

ሲስተር_ነኝ፦

በውስጥ ልኬልሃለሁ፣ ለሷም ኮፒ አድርጌላታለሁ።